የስንዱ ሊጥ

ከቃሊቲ መጋዘን በር ላይ ሌሊቱን ቆሜ አድሬ፣
ባትሪዬን ካፖርቴ ኪስ፣ ዱላዬን ብብቴ ሥር ቀብሬ፣
ቱሉ ዲምቱ ደረስሁ፤ ጭቃዬን ደፍ ላይ አራግፌ፣
አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትንሽ አርፌ።
የሊፍቱ ጉድጓድ ባዶ ነው፣
ድመት ወልዳበታለች፤
ስንዱ ግን ዛሬም ቀድማኝ
በሰርቪስ ሄዳለች።

እሷ ዐሥራ አንድ ትወጣለች፣ እኔ አንድ ሰዓት እገባለሁ፤
ፊቷን ሳይሆን ሳህኗን፣ ሳህኗን ገልጬ አያለሁ።
ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጠርዙ የተላጠ ክዳን፣
ከሥሩ ወፈር ያለ ሊጥ፣ ለእኔና ለልጅ የሚበቃን።
ስንዴና ስንዱን የሚለያቸው አንድ ፊደል፤
እሱም እጇ ሲገባበት ከውኃው ጋር ይዋሀዳል።

ሊጡን እንደ ደብዳቤ አነብባለሁ።
ከጓጎለ ተቻኩላለች፣ የሰርቪሱ ሹፌር ጡሩምባ ነፍቷል፤
ከለዘበ፣ ሲፈን አላሳለችም፣ ቤቱ ሌሊት ተኝቷል።
ጨው የረሳች ቀን ግን፣ አንድ ነገር አለ እላለሁ፤
አልደውልም፤ መስመር ላይ ናት፤ እስከ እሑድ ይዤው እውላለሁ።
መሀሉ ላይ አውራ ጣቷን ጫን ታደርጋለች ሁልጊዜ፤
ጠይቄያት አላውቅም፤ እንጃ፣ ፊርማ ይሁን አባዜ።
በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉድጓዱ
ሊሞላ ምንም አይቀረው።

መብራት ሄዷል፤ ቡታጋዙን ለኮስሁ፤ መጥበሻው ነቃ፤
ዘይት ጠብ አርጌ ጠበቅሁ፣ አጉረምርሞ እስኪለኝ በቃ።
መዳፌን ውኃ ነክሬ ሊጡን ዳመጥሁት እስኪሳሳ፤
ጣቷ ያረፈበት ጋ ስደርስ፣ እጄ ትንሽ ቆመ፣ ሳሳ።

አምና ነው ያሳረርሁት፣ ኮሪደሩን በጭስ ሞልቼ፣
ወይዘሮ ዘነቡን በባልዲ ከነፒጃማዋ አስወጥቼ፤
‹‹ወንድ ልጅና ቂጣ!›› ብላ፣ ሳቋን በነጠላ አፍና፣
ጠርዙን በቢላ ጫፍ ገልጦ ማየት አስተማረችኝና፣
አሁን ጠባዩን ለመድሁ፤ ሲነፋ አልደነግጥም፤
የሚነፋ ሁሉ አይፈነዳም፣ የሚያር ሁሉ አይመርም።

በኩሽናው መስኮት አምና የስንዴ ማሳ ይታይ ነበር፤
ዘንድሮ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ብረቱ ሰማይ የሚጭር።
ኦቦ ገመቹ ቀርተዋል፣ አጥሩ ጥግ በአንዲት ቁራሽ መሬት፤
የመጨረሻዬ ነው ብለው የሸጡልን ነው ይኸው ዱቄት።

ሲፈንን ሽታው ቀሰቀሳት፤ ጠጉሯ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ፣
ዩኒፎርሟን ገልብጣ ለብሳ፣ አንደኛው ካልሲ ጠፍቶ።
ቅቤው እሑድን ይጠብቃል፤ ለዛሬ ማንኪያ ጫፍ ይበቃል፤
የቀረው ዘይት ነው፤ በርበሬው ሁለቱን ያስታርቃል።
ቂጣውን ቀደደች፣ ቆራረሰች፣ ጣቷን እፍ አለች፣ ጠባች፤
‹‹ይቺ የእማዬ ናት›› ብላ አንዷን ጠርዝ ዳር አስጠጋች።

ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ መጋረጃ ስቤ ተኛሁ።
ዐሥር ሰዓት ላይ ግን፣ ካፖርቴን ሳልለብስ፣ ዱቄት ነፋሁ።
ነገ ስንዱ ለአንድ ቀን ስንዱ አትሁን፣ ግማሽ ሰዓት ትተኛ፤
ከጀሪካን ውኃ ቀንሼ አሸሁት፤ ደግሜ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።
መሀሉን በአውራ ጣቴ ጫን።
የእኔ ጣት ወፍራም ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቃለች።
ከድኜው ወጣሁ፤ ሲፈን ዘነቡ ጋ ታመሻለች።

ታክሲው ውስጥ፣ አቃቂ ስንደርስ፣ አንድ ነገር ወጋኝ፦ ጨው!
ረዳቱ ሂሳብ ይላል፤ እኔ ጥፍሬን ነው የማየው።
ከሥሩ የሊጥ ፍንጣሪ ነበረች፤ በጥርሴ አወጣኋት፣
ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ በምላሴ ጫፍ ያዝኋት።

ጨው አላት።
ትንሽ በዝቷል እንጂ።